አስተያየታችሁን እስከ ሰኞ ላኩልን

ደብዳቤው ደሴ መሥሪያ ቤቴ የደረሰው ሐሙስ ከሰዓት ነው። «የተያያዘውን ረቂቅ ሰነድ ተመልክታችሁ አስተያየታችሁን እስከ ሰኞ ጠዋት እንድትልኩ» ይላል። የተያያዘው በማኅበራዊ ድጋፍ ላይ የተዘጋጀ ሰማንያ ምናምን ገጽ ነው። ያን ሰሞን ደሴ ላይ መብራት ሄድ መጣ ይል ስለነበር ግማሹን በስልክ ብርሃን አነበብኩት፤ እሑድ ማታ ቁጭ ብዬ አንድ ገጽ ተኩል ጻፍኩ። ቅጂው እስካሁን ቤቴ አለ። «ሰነዱ በአጠቃላይ ጥሩ ነው። ሆኖም ለአረጋውያን ትኩረት ቢሰጥ፣ ቅንጅታዊ አሠራሩ ቢጠናከር፣ የየአካባቢው ነባራዊ ሁኔታ ከግምት ቢገባ…» እያለ ይቀጥላል። ሰኞ በሰዓቱ ላክሁት። ሥራዬን የሠራሁ መስሎኝ ደስም ብሎኝ ነበር።

እንዲህ ያለ ጽሑፍ ምን እንደሚገጥመው ያየሁት በኋላ ነው፤ በትውስት ለአራት ወር አዲስ አበባ ሄጄ ከአንድ የረቂቅ አዘጋጅ ቡድን ጋር ስሠራ። ከየክልሉና ከየከተማው የመጣው አስተያየት አንድ ሰንጠረዥ ላይ ይለጠፋል፦ ተራ ቁጥር፣ ገጽና አንቀጽ፣ የቀረበ አስተያየት፣ ያቀረበው አካል፣ ምላሽ። ሁለት መቶ ያህል ረድፍ በአንድ ከሰዓት ይታያል። አንዱ ያነባል፣ አንዱ ይጽፋል። «ትኩረት ቢሰጥ» ሲባል «ተወስዷል» ተብሎ ይታለፋል። «ቢጠናከር» — «ተወስዷል»። ከሰነዱ ግን አንዲት ፊደል አትነካም። ማንም ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ «ትኩረት ቢሰጥ» የሚለውን የት ቦታ፣ በየትኛው ቃል አስገብቶ እንደሚጽፍ የሚያውቅ የለም። እኔም በዚያ ወንበር ተቀምጬ የሰዎችን ድካም «ተወስዷል» እያልኩ አሳልፌያለሁ። የራሴ ገጽ ተኩልም ከዓመታት በፊት እንዲሁ እንዳለፈች የገባኝ ያኔ ነው።

ክፍሉን ጸጥ የሚያደርገው ሌላ ዓይነት ረድፍ ነው። «ገጽ 34፣ ሦስተኛው አንቀጽ፣ ‹የቀበሌ መታወቂያ ያለው› የሚለው ወጥቶ በዚህ ይተካ፤ ምክንያቱ ይኼ ነው፤ የሚጨምረው ሰውና ብር ይህን ያህል ነው» የሚል ሲመጣ ሰው ሁሉ ቀና ይላል። ይደገፋል ወይም ይወድቃል፣ ግን ክርክር ይነሣበታል። እኔ በዚያ አራት ወር እንዲህ ያለ ያየሁት ከአሥር አይበልጥም።

ከሥራ ከተገለልኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ይህን የምጽፈው ሐሙስ ከሰዓት ደብዳቤው ለሚደርሳችሁ ነው፤ ኮምቦልቻም ሁኑ ወልድያ፣ ከሚሴም ሁኑ ሌላ ቦታ።

መጀመሪያ በእጃችሁ ያለው ወረቀት ከየትኛው እርከን እንደሆነ ለዩ። ከሁሉ በላይ ሕገ መንግሥቱ አለ። አንቀጽ 41 መንግሥት አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ያለ ወላጅ ወይም ያለ አሳዳጊ የቀሩ ሕፃናትን እንዲደግፍ ያዛል፣ አቅም በፈቀደ ደረጃ። አንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት፣ ጤና፣ ንጹህ ውሃ፣ መኖሪያ፣ ምግብና ማኅበራዊ ዋስትና ይላል፤ እሱም «የሀገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን»። እኔ ሥራዬን በሙሉ የኖርኩት በዚህች ሐረግ ውስጥ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። አቅሙ ፈቀደ አልፈቀደ የሚለውን የሚወስነው ከሥር ያለው ወረቀት ነው።

ከሥሩ ፖሊሲው አለ። በ1989 የልማታዊ ማኅበራዊ ደኅንነት ፖሊሲ ወጣ። አሁን የምንጠቅሰው የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲ ረቂቁ በ2004 ተዘጋጅቶ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀው በ2007 ነው። አምስት መስኮች አሉት፦ ሴፍቲኔት፣ ሥራና መተዳደሪያ፣ ማኅበራዊ መድን፣ መሠረታዊ አገልግሎት፣ ጥቃትና በደል ለሚያሰጋቸው የሕግ ከለላ። ከዚያ ስትራቴጂው ይመጣል፣ ከዚያ የፕሮግራም ሰነዱ፣ ከዚያ የማስፈጸሚያ ማንዋሉ፣ በመጨረሻ ቅጹ። ፖሊሲው «ለችግር ተጋላጭ የሆኑ ዜጎች» ብሎ ያልፋል። ማንዋሉ ተጋላጭ ማለት ማን እንደሆነ ይናገራል። ቅጹ ደግሞ አዎ ወይም አይደለም ብላችሁ እንድትሞሉ ይጠይቃል፤ ሰውየው የሚገባውም የሚቀረውም እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ ፖሊሲ ሲመጣ ወገብ አስረን፣ ቅጽ ሲመጣ «እሱ የቴክኒክ ጉዳይ ነው» የምንለው ነገር ተገልብጦብናል።

አንድ መጠይቅ ደሴ ውስጥ በአንድ ሰፈር ሲሞከር አብሬ ነበርኩ። የሰዎችን ማኅበራዊ ትስስር ለመለካት «የእድር አባል ነዎት?» የሚል ጥያቄ አለበት። የመጀመሪያው አዛውንት «አይ፣ እድር የለኝም» አሉ። ሁለተኛዋም የለኝም። ሦስተኛውም። ወሎ ላይ ሰው ያለ ቀባሪ ይኖራል? ጠያቂው ወጣት ግን «የለም» እያለ ምልክት ያደርጋል፣ ነጥቡም ይደመራል። በር ላይ ቆመው የሚሰሙ አንድ ሼህ ሳቁና «ልጄ፣ ቅሬ በይው እንጂ!» አሉኝ። ለካ አዲስ አበባ ላይ እድር የሚባለው እኛ ዘንድ ቅሬ ነው፤ እኔ ራሴ ተወልጄ ያደግኩባት ከተማ ሆና ወረቀቱን ሳነብ አልታየኝም። የቢሮ አማርኛ እንደዚህ ያደርጋል። እድር የምንለው የመሥሪያ ቤቱን ነው፣ የሰፈሩ ቅሬ ነው። እርማቷ «እድር/ቅሬ» ብሎ አንዲት ቃል መጨመር ናት። በስልክ ነገርኳቸው፣ የጥያቄውን ቁጥር ነገርኳቸው፣ በዚያው ቀን ገባች። በአገልግሎት ዘመኔ በፍጥነት ተቀባይነት ያገኘው ሐሳቤ ይኸው ነው።

ቀጥሎ ብሩ። መጀመሪያ ያሳፈረኝ የገንዘብ ባለሙያ ነው። እኔ ስለ ደባል ተከራዮች ረዘም ያለ ንግግር አደረግሁ፤ መታወቂያ ስለሌላቸው ከድጋፍ እንደሚቀሩ፣ ከእነሱ የባሰ ድሃ እንደሌለ። ሰውየው በትዕግሥት አዳመጠኝና «እህቴ፣ ስንት ሰው ነው? በዓመት ስንት ብር? እስከ መቼ?» አለኝ። ዝም አልኩ። እሱም ዝም አለ፣ ሰብሳቢውም ወደ ቀጣዩ ረድፍ ሄደ። ያን ቀን ተናድጄበት ነበር፤ አሁን ግን ሦስቱን ጥያቄዎች ማስታወሻ ደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጽፌያቸው እኖራለሁ።

ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች የግድ ትልቅ ጥናት አይጠይቃችሁም። ሦስት የማይመሳሰሉ ሰፈሮች ምረጡ፤ ለምሳሌ አንዱ ከገበያ አካባቢ፣ አንዱ ከከተማው ዳር፣ አንዱ ከመካከል። የቅሬ ሽማግሌዎችን ይዛችሁ ቤት ለቤት ሂዱ፤ እነሱ በየግቢው ስንት ክፍል እንዳለና ማን እንደተከራየ ከቀበሌው መዝገብ በተሻለ ያውቃሉ። ከ300 ቤት 24ቱ ላይ ችግሩን ካገኛችሁት ከመቶ ስምንት ነው ማለት ነው፤ 24ቱን በፕሮግራሙ የወር ክፍያ አባዙት፣ በዓመት አስሉት። ከዚያ «ይህ የሦስት ሰፈር ቆጠራ እንጂ የከተማው አይደለም» ብላችሁ በግልጽ ጻፉ። እንዲህ የጻፍኩለት ያው የገንዘብ ሰው በሌላ ስብሰባ «ቢያንስ የምንከራከርበት ቁጥር አለ» ሲል ሰምቼዋለሁ።

ማንኛውም መምረጫ በሁለት መንገድ ይሳሳታል፤ የሚገባው ይቀራል፣ የማይገባው ይገባል። ገንዘብ የያዙት ሁለተኛውን ይፈራሉ፣ እኛ ታች ያለነው የመጀመሪያውን። አንዱን ስታጠብቁ ሌላው ይላላል። ይህን ሳታውቁ «መስፈርቱ ጥብቅ ይሁን» ብላችሁ አትጻፉ። እኔ ጽፌ ያገኘኝን ልንገራችሁ።

የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት በ2009 ሥራ ሲጀምር ከታቀፉት 11 ከተሞች አንዷ ደሴ ናት፤ ከአዲስ አበባ፣ አዳማ፣ ሐዋሳ፣ መቀሌ፣ ድሬዳዋና ሌሎቹ ጋር። 604 ሺህ ሰው ለመድረስ ነው የታሰበው። መሥራት የሚችል የአካባቢ ልማት ሥራ እየሠራ ይከፈለው ነበር፣ ከክፍያው 20 በመቶ ይቆጥብ፣ በሦስት ዓመት ከድጋፉ ወጥቶ ይመረቅ ነበር፤ መሥራት የማይችል ቀጥታ ድጋፍ ያገኝ ነበር። የተጠቃሚ ልየታው ሁለት ነገር ያጣምር ነበር፦ የሰፈሩ ኮሚቴ «ይህ ድሃ ነው» ይላል፣ ከዚያ ስለ ቤቱ፣ ስለ ንብረቱና ስለ ቤተሰቡ ብዛት ተጠይቆ በነጥብ ይመሳከራል። ገቢውን በወረቀት ማሳየት የማይችል ሰው በሞላበት ከተማ ሌላ ምን ይደረግ።

የእኔ ጥፋት ግን በዚህ ፕሮግራም ሳይሆን ከዚያ በፊት ለአንድ ሌላ አነስተኛ ድጋፍ በተዘጋጀ ቅጽ ላይ ነው። «ቤት ያለው ሰው ከተከራይ ጋር እኩል አይታይም፤ የግል ቤት ያለው ይቀነስ» ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ። አንቀጹን ጠቅሼ፣ ምትኩን ጽፌ፣ አስልቼ። ከላይ የመከርኳችሁን ሁሉ አሟልቼ ማለት ነው። ገባልኝ። ኮርቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ዝርዝሩ ከተለጠፈ በኋላ ቅሬታ ሰሚ ላይ ተረኛ ሆኜ ስቀመጥ ከአዝዋ ገደል በኩል አንዲት እናት መጡ። ከባላቸው የቀረች ሁለት ክፍል ጭቃ ቤት አለቻቸው፤ ቆርቆሮዋ ወንፊት ሆኗል፣ አንድ የልጅ ልጅ ያሳድጋሉ፣ ጎረቤት ነው የሚያጎርሳቸው። ተከራይ እንዳያስገቡ ሁለተኛዋ ክፍል ግድግዳዋ ወደ ገደሉ አዘንብላለች። ቅጹ ላይ «የግል ቤት፦ አዎ»። ውጭ ሆኑ። «ልጄ፣ ቤቱን ልብላው?» አሉኝ። ምን ልበላቸው? አንቀጹን የጻፍኩት እኔ ነኝ አላልኳቸውም። ቅሬታቸውን መዘገብኩ፣ ኮሚቴው አየው፣ መመሪያው አይፈቅድም ተባለ። መመሪያው!

የሰፈራቸው ቅሬ አዋጥቶ ክፍሏን ደገፈላቸው። አንቀጹ ግን እስኪነሣ ዓመት ከመንፈቅ ፈጀ፤ ማስገባቱ አንድ ሳምንት ነበር የወሰደብኝ።

ከዚያ ወዲህ የማደርገው ይህ ነው። ማንኛውንም መስፈርት ደግፌ ከመጻፌ በፊት የማውቃቸውን አሥር ቤቶች በሐሳቤ፣ ቢቻል በእግሬ፣ አልፍባቸዋለሁ። አምስቱ ያለ ጥርጥር ሊታገዙ የሚገባቸው፣ አምስቱ የማይገባቸው። ቅጹን እሞላላቸዋለሁ። ከሚገባቸው አምስቱ አንዱ ቢወድቅ መስፈርቱ ላይ ችግር አለ። ግማሽ ቀን ቢወስድ ነው። ያኔ ይህን አድርጌ ቢሆን ኖሮ እኚያ እናት ከአሥሩ አንዷ ይሆኑ ነበር፤ ቤታቸውን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

ስለ ሙከራም ላንሣ፤ ምሳሌው ቅርባችን ስለሆነ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ከአማራ ክልል የተመረጡት ፎገራ፣ ደቡብ አቸፈርና ተሁለደሬ ናቸው። ተሁለደሬ ማለት ሐይቅ፣ ከደሴ በሚኒባስ ደርሶ መልስ። አባልነቱ በግለሰብ ሳይሆን በቤተሰብ የሆነው የታመመው ብቻ ተመዝግቦ ጤነኛው እንዳይቀር ነው፤ መክፈል ለማይችሉት ደግሞ መንግሥት ይከፍልላቸዋል። ከዚያ እየሰፋ ሄደ። በሌላ በኩል ለእኛ ለደመወዝተኞቹ የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 በ2002 ወጣ፤ ሠራተኛው ሦስት በመቶ፣ አሠሪው ሦስት በመቶ። አዋጁ ወጥቶ ለዓመታት ሳይጀመር ቆየ፤ አንዱ ምክንያት ሠራተኛው ከደመወዙ እንዲቆረጥ አለመፈለጉ ነው። ለገበሬው «ማዋጣት ይጠቅምሃል» ብለን በየቀበሌው ያስተማርን ሰዎች ወደ እኛ ሲመጣ «ደመወዛችን አይበቃም» አልን። እኔም ብያለሁ። ሁለቱም አባባል እውነት ነው፤ ግን አንዱን ለሌላ ሰው፣ አንዱን ለራሳችን ነው ያልነው።

ወደ ስብሰባው ልመለስ። ሰነድ ሰማንያ ገጽ ሆኖ ሲደርሳችሁ ትልልቁ ውሳኔ አልቋል። ትልልቁ ውሳኔ የሚወሰነው ገና ሁለት ሦስት ገጽ ቢጋር፣ ማለትም የሐሳቡ የመጀመሪያ ንድፍ፣ ሳለ ነው፤ በተለይ የውጭ ገንዘብ ካለበት። ለከተማው ሴፍቲኔት የዓለም ባንክ 300 ሚሊዮን ዶላር፣ መንግሥት 150 ሚሊዮን ዶላር ነው የመደቡት፤ እንዲህ ያለ ስምምነት አንዴ ከተፈረመ በኋላ የሚለወጠው ሁለቱም ወገን ተስማምተው ነው። ስለዚህ ክልል ቢሮ ያለውን ባለሙያ በስልክ ጠይቁት፦ «ምን ቢጋር ላይ ናችሁ?» በሉት። ምስጢር አይደለም፣ ጠያቂ ስለሌለ ነው የማይናገረው።

አውደ ጥናት ከተጠራችሁ ቃለ ጉባኤ ለመያዝ እጃችሁን አውጡ። ሁሉም የሚሸሸው ሥራ ነው። ነገር ግን አምስት ሰው በአንድ ላይ ያወራውን ወደ አንድ ዐረፍተ ነገር የሚያመጣው ያዡ ነው፣ በማግስቱ ሁሉም የሚስማማበትም የእሱን ዐረፍተ ነገር ነው። መዋሸት አይደለም የምላችሁ፤ በቃል የተነገረው ጥሩ ሐሳብ ሳይጻፍ ቀርቶ እንዳይጠፋ ነው። ሌላም ነገር፤ «ተቋማዊ አደረጃጀት» የሚለው ምዕራፍ ላይ ተራ አትጠብቁ። እኔ በነበርኩበት አንድ መድረክ ኮሚቴውን ማን ይምራ፣ ማን ጸሐፊ ይሁን በሚለው ሁለት ቀን ሄደ፤ የአረጋውያኑ ምዕራፍ የመጨረሻው ቀን ከሰዓት፣ ሰው ሁሉ ሻንጣውን ሸክፎ አበሉን ፈርሞ ሲያበቃ፣ በአርባ ደቂቃ አለፈ። ለእኔ እንደ ዕድል ሆነልኝ። የተቀመጥነው ስድስት ሰዎች ነበርን፣ ያመጣሁትን ሁሉ አነበብኩ።

መልሱ ሲመጣላችሁ ቋንቋውን ለዩ። «ተወስዷል» ካለ የመጨረሻውን ረቂቅ ከፍታችሁ ገጹን እዩት፣ ባብዛኛው የለም። «ከማዕቀፉ ውጭ ነው» ካለ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ውሰዱት ማለት ነው። «በማንዋል ዝግጅት ወቅት ይታያል» የሚለው ለብዙዎች ማባረሪያ ይመስላል፤ ለእኔ ከሁሉ ጥሩው መልስ ነው፣ ማንዋሉ መዘጋጀቱ አይቀርምና። ቀኑን ጻፉ፣ ከአምስት ስድስት ወር በኋላ ደውሉ።

ደብተሬ ላይ ረድፍ 17 ተብሎ የተመዘገበው የደባል ተከራዮቹ ጉዳይ ሁለት ጊዜ «በማንዋል ይታያል» ተብሎ፣ አንድ ጊዜ «በጀት የለውም» ተብሎ ተመልሷል። ባለፈው ወር ከኮምቦልቻ አንድ ወጣት ባለሙያ ደወለልኝ። ሐሙስ ከሰዓት ነው፣ ደብዳቤ ደርሶታል፣ እስከ ሰኞ። «እትዬ፣ ምን ብዬ ልጻፍ?» አለ። ገጹን አስነበብኩት፤ አሁንም መኖሪያን በቀበሌ መታወቂያ ነው የሚያረጋግጠው። «አብሽር» አልኩት፣ ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ይዤ የሐረጎን ቁልቁለት ወረድኩ።

ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተከፈተ ወዲህ ከገጠሩ የመጡ ልጆች ለሦስት ለአራት ሆነው አንድ ክፍል የሚከራዩባቸው ግቢዎች አሉ። ሥራው ሲቆም ወደ ቤተሰብ የማይመለሱ፣ ለከተማውም ነዋሪ ያልሆኑ። ሁለት የቅሬ ሽማግሌዎች አብረውን ዞሩ። የመጀመሪያው ግቢ ዘጠኝ ክፍል፣ ሃያ ስድስት ሰው፣ የከተማው መታወቂያ ያለው አራት። ሁለተኛው ስድስት ክፍል፣ አሥራ ዘጠኝ ሰው፣ ሁለት። እስከ ማታ አሥራ አንድ ግቢ ቆጠርን። በየግቢው ቡና ጠጡ ስንባል ሁለቱን ተቀብለን የቀረውን ይቅርታ ጠየቅን፤ ሽማግሌዎቹ በዚህ አልተደሰቱም።

እሑድ ልጁ ጻፈው። ሰባት መስመር ሆነ፦ ገጹ፣ የሚወጣው ቃል፣ የሚገባው («መታወቂያ ወይም የአካራይና የቅሬ ወይም የእድር የጽሑፍ ምስክርነት»)፣ የአሥራ አንዱ ግቢ ቁጥር፣ በዓመት የሚያስወጣው። መጨረሻ ላይ «ሰነዱ በአጠቃላይ ጥሩ ነው» የሚል ጨምሮበት ነበር፣ አስወጣሁት። ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ላከ።